ድሮኑን በጋቢ የያዝኩ ቀን

ቤቴ ከድብ ባሕር በእግር የሚደረስ መንደር ውስጥ ነው፣ ገደል አፋፍ ላይ። ከደጄ ወጥቼ ማሳዬን ካለፍኩ መሬቱ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። እዚያው ተወልጄ እዚያው ስላረጀሁ ገደሉ ለእኔ የጓሮ አጥሬ ማለት ነው። ልጄ ግን ጎንደር ከተማ ከገባች ወዲህ ገደሉን እንደ ጠላት ታየው ጀመር። በመጣች ቁጥር፣ "አባዬ፣ አንድ ቀን ትወድቅና ሬሳህን እንኳ ሳናገኘው እንቀራለን። ከእኔ ጋር ና" ትለኛለች። እኔም፣ "እናንተ ከተማ የሚሞተው ሰው ከየት ወድቆ ነው?" እላታለሁ። ከዚያ ታኮርፋለች፤ እኔም አኮርፋለሁ። እናቷ ከሞተች ወዲህ የምንጨዋወተው እንዲህ ነው።

ልጄ የምትተዳደረው ሰርግ በቪዲዮ በመቅረጽ ነው። ከሰማይ ላይ ሆኖ የሚቀርጽ ድሮን አላት፤ ክንፎቹ ሲታጠፉ ከአንድ ድፎ ቁራሽ አይበልጥም። ያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ የወንድሜ ልጅ ሰርግ ነበርና ይዛው መጣች። ያን ጊዜ የድሮን ድምፅ ሲሰማ ልጆች እየተሯሯጡ ደጅ ይወጡ ነበር። ዛሬ ሲሰማ ሰው ቤት ይገባል። ስለ ዛሬው ሌላ ሰው ይጻፍ።

በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም። ስለዚህ ድሮኑ ሁዳዴን ሙሉውን ከሳጥኑ ሳይወጣ ከረመ። በሰርጉ ዋዜማ ጠዋት ልታስነሣው ስትል ስልኳ ላይ ያለው አፕ እምቢ አለ። አፕዴት ካላደረግሽኝ አላስነሣም አለ።

"ምነው፣ እሱም ጾም መፍታት አማረው?" አልኳት።

"አትቀልድ አባዬ፣ ነገ ሰርግ ነው።"

መንደራችን ኔትወርክ አይደርስም። የሚያዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ስልክ የሚያወራው እዚያ ወጥቶ ስለሆነ የመንደሩን ጉድ ሁሉ የሚያውቀው ያ ጉብታ ነው። አብሬያት ወጣሁ። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። መሐሉ ላይ አንዲት ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ትዞራለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትዞራለች። ሁለታችንም እሷን እያየን ተቀመጥን። የማወራው ሳጣ ጠየቅኳት።

"ይኸ ነገር ከእጅሽ ቢያመልጥስ?"

"አያመልጥም። ከሪሞቱ ጋር የሚያገናኘው ሲግናል ቢጠፋ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሜ አዝዘዋለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"ሦስት ነገር አለ። ወይ ወደ ቤትህ ተመለስ፣ ወይ እዚያው ውረድ፣ ወይ ካለህበት ሳትነቃነቅ ቁም።"

"ቤቱ የት ነው?"

"የተነሣበት ቦታ። ሲነሣ መዝግቦ ይይዘዋል።"

"ታዲያ ሸጋ ነው። ወደ ቤትህ ግባ ብትዪው አይሻልም?"

"እናንተ አገር አይሻልም። ሊመለስ ሲል መጀመሪያ ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ ከፍ ካለ በኋላ ነው መንገድ የሚጀምረው። ከላዩ ምን እንዳለ ግን አያይም። ገደል ሥር ከሆነ ሄዶ ከድንጋይ ይላተማል። ስለዚህ እኔ ቁም ነው የምለው። ቆሞ ይጠብቀኛል፤ እኔ ጠጋ እልና እይዘዋለሁ።"

"እኔንም እንዲያ ብለሽ እዘዢኛ!" አልኳት። "ካለሁበት ልቁም። ጎንደር ምን አለኝ?"

ፊቷን ወደ ስልኳ መለሰች። ክቧ አሁንም ትዞራለች።

እንዲህ ተኮራርፈን ሳለ ዓይኔን ወደ ማሳዬ ስጥል ከሁለቱ በሬዎቼ አንዱ የለም። ዳልቻው ነው የሌለው። የት እንደሄደ ወዲያው ገባኝ። በዚያ ወቅት ላይኛው መሬት ደርቆ አመድ ሲሆን፣ በገደሉ ወገብ ላይ ግን ውሃ የሚያዣት አንዲት ጠባብ ቦታ አለች፤ እንደ ቤት መደብ ያለች። ሣሯ ዓመቱን ሙሉ አይደርቅም። ወደ እሷ የምታወርድ ሰርጥ መንገድ አለች። ዳልቻውም ከእኔ ባላነሰ ያውቃታል። ለልጄ ሳልነግራት ተነሥቼ ሄድኩ። ብነግራት ገደሉን አንሥታ ጠዋቱን ሁሉ ልትሰብከኝ ነው። ዱላዬንና ጋቢዬን ይዤ ወረድኩ።

ዳልቻው እንደጠረጠርኩት እዚያው ሆኖ ሣሩን ይግጣል። ከላዩ ድንጋዩ እንደ ቤት ክፈፍ ወጣ ብሎ ጣራ ሆኖለታል። በዱላዬ ቂጡን ነካ አደረግኩት። ዞረና በጎኔ አልፎኝ ወደ ሰርጡ ወጣ። ያን ሰሞን ሁለት ሦስቴ ዝናብ ጥሎ ነበርና አፈሩ ልል ነው። በሬው ሽቅብ ሲራመድ ከኋላ እግሩ ሥር አፈሩ መንሸራተት ጀመረ። መጀመሪያ ጠጠር ወረደ፣ ቀጥሎ ድንጋይ፣ ከዚያ መንገዱ በሞላ ተገምሶ ወረደ። አቧራው ሲጠራ ዳልቻው ከላይ ቆሟል። እኔ ከታች ነኝ። በመሐላችን መንገድ የለም።

ቆሞ አየኝ። "ና!" ብለው የሚመጣበት የለው። ጥቂት ቆየና ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ቤት ሄደ።

መጀመሪያ ላይ አልፈራሁም፤ ተናደድኩ እንጂ። ዘሎ የሚደረስ መሰለኝና መንገዱ የተገመሰበት ድረስ ሄጄ እግሬን ዘረጋሁ። የረገጥኩት እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ወደኋላ ተመለስኩ። በሌላው በኩል መደቧ እየጠበበች ሄዳ ከድንጋዩ ጋር ታልቃለች። ከፊት አየሩ ነው፤ ወደ ታች ሳይ ከሥሬ አሞራ ሲዞር የጀርባው ላባ ይታየኛል። ከላይ ድንጋዩ ነው። ቀና ብዬ ስቆም ጭንቅላቴን ሊነካኝ ትንሽ ነው የሚቀረው። ማደር ይቻላል? ይቻል ነበር፤ ዝናብ ባይኖር።

ነገሩ ዝናቡ ላይ ነው። ያቺ መደብ ለምን ንጹሕ ድንጋይ እንደሆነች፣ ሣሯም ለምን ከግድግዳው ሥር ብቻ እንደተጣበቀ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ላይ ደህና ዝናብ ሲጥል ውሃው ከድንጋዩ ስንጥቅ ይፈነዳና መደቧን ጠርጎ ይወርዳል። ፍየል ሲወስድ አይቻለሁ። ያን ቀን ደግሞ ደመናው ከስሜን ተራሮች በኩል እየጠቆረ መጥቷል። ጧት ላይ ስለ ነገው ሰርግ ብለን ዝናቡን የፈራን ሰዎች ነበርን።

ጮህኩ። ገደሉ ድምፄን ተቀብሎ ከአምስት ቦታ መለሰልኝ። ደግሜ ጮህኩ። የራሴ ድምፅ ከማዶ ተመልሶ ሲጠራኝ ጊዜ ተውኩት። ተቀመጥኩ። ጀርባዬን ድንጋዩ ላይ አስደግፌ እግሬን ሰበሰብኩ። ትንሽ ቆይቼ ከድንጋዩ ስንጥቅ የምትንጠባጠበውን ውሃ እሰማ ጀመር። ጠብ፣ ጠብ ትላለች። እስካሁን ድረስ የቧንቧ ውሃ ሲንጠባጠብ ስሰማ ተነሥቼ እዘጋለሁ።

ያገኘኝ በሬው ነው ማለት ይቻላል። ብቻውን ግቢ ሲገባ ጎረቤቴ አየው። ይኸ ጎረቤቴ እኩያዬ ነው፤ አብረን ከብት ጠብቀናል፣ ተጣልተን ታርቀናል፤ ቁም ነገር የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምፁን ከላይ ሰማሁ።

"አንተ ሰውዬ! አለህ?"

"አለሁ!"

"ምን ታደርጋለህ እዚያ?"

"ሣር እግጣለሁ!"

"በሬው ጨርሶት ነው የመጣው፣ አትልፋ!"

ሳቅኩ።

ብዙ ሰው ተሰበሰበ። የልጄን ድምፅ በመሐል ሰማሁ፤ የምትለው ግን አይለይም። የበቅሎ ጭነት የሚታሰርበትን መጫኛ ቀጣጥለው አወረዱ። መጫኛው ወረደ፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ድንጋይ ወጣ ያለ ስለሆነ ከእኔ ርቆ አየር ላይ ነው የተንጠለጠለው። ዱላዬን ዘረጋሁ፤ አይደርስም። ጫፍ ላይ በሆዴ ተኝቼ ዘረጋሁ፤ ጥቂት ነው የቀረው፣ ግን አይደርስም። ዱላዬ ከእጄ አመለጠ። ሲወድቅ አየሁት፤ መሬት ሲደርስ ግን አልሰማሁም። ከላይ ሆነው ሊያወዛውዙት ሞከሩ። ስለማያዩኝ ዝም ብሎ ከድንጋዩ ይጋጫል፤ በተጋጨ ቁጥር ጠጠር ይረግፋል።

የወንድሜ ልጅ፣ ሙሽራው፣ "በገመድ ልውረድ አያ!" ብሎ ጮኸ።

"አንተ ነገ ሙሽራ ነህ! ማንም እንዳይወርድ! አፋፉ እየፈረሰ ነው፣ አንድ ሰው የገባበት ይበቃል!" አልኩ።

ጎረቤቴ ቀበል አድርጎ፣ "ልክ ነው፣ እሱ ቢሞት ሰርጉ ይቀራል። አንተ ብትሞት ድግሱ ለተዝካር ይሆናል" አለ። ሴቶቹ ሲቆጡት ሰማሁ።

ነፋሱ ቀዝቅዞ መጣ፤ የዝናብ ሽታ አለው። ከስንጥቁ ጠብ ጠብ ትል የነበረችው ውሃ ቀጭን ክር ሆናለች። ከላይ በስተ ራስጌ ዝናቡ ጀምሯል ማለት ነው። ጫማዬን አወለቅኩ። ለምን እንዳወለቅኩ አላውቅም፤ ከቤቴ የገባሁ ያህል አጠገቤ አስተካክዬ አስቀመጥኳቸው። ጸሎት ልጸልይ ብዬ ጀመርኩና መሐል ላይ ጠፋኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምደግመው ነው። ጠፋኝ።

ያን ጊዜ ነው ያንን ድምፅ የሰማሁ። እንደ ንብ መንጋ፣ ግን ሳያቋርጥ።

ልጄ አፋፉ ጫፍ ደርሳ ኖሯል፤ ድምፅዋ ጥርት ብሎ መጣ። "አባዬ! ድሮኑ ሲባጎ ይዞልሃል! የሲባጎው ሌላ ጫፍ መጫኛው ላይ ታስሯል! ሲባጎውን ብቻ ያዝ! ድሮኑን እንዳትነካው፣ ይቆርጥሃል! እሱ ቆሞ ይጠብቅሃል!"

"እሺ!"

ከፊቴ ካለው አየር ላይ ብቅ አለ። አንዲት ዓይን አለችው። አየኝ። ልጄ ከላይ በስልኳ እያየችኝ መሆኑን ሳስበው ጫማ አለማድረጌ አሳፈረኝ። ቀስ እያለ፣ እንደሚያፍር እንግዳ እየተጠጋ፣ ከጣራው ሥር ገባ። ሲባጎው ከሆዱ ተንጠልጥሎ በነፋሱ ይወዛወዛል። እጄን ዘረጋሁ። ሲባጎው ወዲህ ሲል እኔ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ስል እሱ ወዲያ።

ድምፁ ተለወጠ። ቂጡ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

ከላይ ልጄ፣ "ሲግናሉ ጠፋ! ግድ የለም አባዬ፣ ይቆማል! ይቆማል!" ትላለች።

ቆመ። ትንፋሽ አንድ ሁለት ያህል ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሽቅብ መውጣት ጀመረ።

ጠዋት ጉብታው ላይ ያለችኝ ወዲያው ትዝ አለኝ። ሊመለስ ሲል መጀመሪያ ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ ከላዩ ያለውን አያይም። ከላዩ ያለው ድንጋዩ ነው። ይኸ ቁም የተባለ አይደለም፤ ቤቱ ሊሄድ ነው። ድንጋዩን መትቶ ከሲባጎው ጋር ሊወርድ ነው። ሌላ ድሮን የለም። ሌላው ቀርቶ ሌላ ቀን የለም።

"እምቢ! አትሄድም!" አልኩት። እንዲህ ጮክ ብዬ።

ጋቢዬን ከትከሻዬ አውልቄ ዶሮ እንደሚያዝ ጣልኩበት። ዶሮ ሲያመልጥህ በእጅህ አታሯሩጠውም፤ ልብስ ትጥልበታለህ፣ ቀጥለህ በደረትህ ትተኛበታለህ። ተኛሁበት። ከጋቢው ውስጥ እየጮኸ ሽቅብ ይጎትተኛል። ያን የሚያህል ትንሽ ነገር እንዲያ ጉልበት ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም። የጋቢው ጥለት ክንፉ ውስጥ ገብቶ ተጠቀለለ፤ አንዱ ክንፍ ግን ቀዶ ወጥቶ ጣቶቼን መታኝ። ደሙን አየሁት፤ አልለቀቅኩም። ቤትህን ትፈልጋለህ፣ እኔም እፈልጋለሁ፣ ብቻህን አትገባም፤ እንዲህ እያልኩ እሳደባለሁ። አንዴ ጭው አለ። ከዚያ ጸጥ።

ከላይ ልጄ ስትጮህ እሰማለሁ፤ "አባዬ! አባዬ! ጠፋብኝ! ምንም አላይም!"

ጋቢውን ገለጥ አድርጌ በደም እጄ ሲባጎውን ፈለግኩ። አለ። ከድሮኑ ሆድ ተነሥቶ፣ ከጣራው ጫፍ ላይ አልፎ፣ ወደ ላይ ይሄዳል።

"ይዤዋለሁ!"

"ሲባጎውን?"

"ሁለቱንም!"

መጫኛውን ቀስ አድርጌ ወደ እኔ ጎተትኩ። ከሁሉ የከፋው ይኸኛው ነበር። ሲባጎው የጤፍ ጆንያ አፍ የሚሰፋበት ቀጭን ነው፤ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ሲፋተግ ይታየኛል። ቢበጠስ ነገሩ አለቀ። እስትንፋሴን ይዤ እንደ ጥጥ ፈታይ ጎተትኩት። መጫኛው እጄ ሲገባ ቆዳው ደርቆ፣ ሻክሮ፣ የበቅሎ ላብ ይሸታል። እንደዚያ ያለ ሸጋ ሽታ አሽትቼ አላውቅም። ዕድሜ ልኬን ጭነት ስጭን ኖሬአለሁና በብብቴና በወገቤ አዙሬ እንደ ጭነት አሰርኩት፤ ሲጎተት እንዲጠብቅ እንጂ እንዲፈታ አይደለም። ከዚያ ድሮኑን በጋቢው ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ጀርባዬ ላይ አዘልኩት። ጥዬው ብሄድ የሚከለክለኝ አልነበረም። ግን እዚያች መደብ ላይ ማንንም ትቶ መሄድ አልሆነልኝም። ጫማዬን ረሳሁት።

ውሃው በዚህ ጊዜ ቁርጭምጭሚቴን እየመታኝ ነው።

"ሳቡ!" አልኩ።

እግሬ ከመደቧ ሲለቅ ወደ አየሩ ተወረወርኩ። ዞርኩ። ገደሉ፣ ሰማዩ፣ ገደሉ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አፋፉ ላይ ቀንበርና ሞፈር ደርድረው ስለነበር መጫኛው በእንጨቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል። የጎረቤቴ ድምፅ እያማጠ እንኳ አላረፈም፤ "ምን በልተህ ነው እንዲህ የከበድከው! ድግሱ ነገ ነው እኮ!"

እጆች ያዙኝ። ሣር ላይ በሆዴ ተኛሁ። ልጄ ላዬ ላይ ወደቀች። ታለቅሳለች፣ ትመታኛለች፣ ታቅፈኛለች፤ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ቀና ስል መጀመሪያ የወጣኝ ቃል ይኸ ነበር፤

"ቁም ብዬዋለሁ አላልሽም?"

ስልኳን አየች። እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ጣቷን ወዲያ ወዲህ አደረገች። ፊቷ ተለዋወጠ።

"አፕዴቱ ነው" አለች። "ሴቲንጉን ሁሉ ወደ ፋብሪካው መልሶታል። ወደ ቤትህ ተመለስ ይላል። አላየሁትም አባዬ። ስጣደፍ አላየሁትም።"

"ሳታዪ ትልኪያለሽ?"

"አንተስ ሳትነግረኝ ትወርዳለህ?"

ጎረቤቴ፣ "ተዉ፣ ሁለታችሁም አፕዴት ያስፈልጋችኋል" አለና መጫኛውን መጠቅለል ጀመረ።

ዝናቡ ወዲያው ወረደ። ሁላችንም ወደ ቤት ስንሮጥ ከገደሉ በኩል ያ ውሃ ሲፈነዳ ሰማሁት። ልጄም ሰማችው። እጄን ጨመቀችኝ፤ የተቆረጠውን እጄን ነው፤ ግን አላስለቀቅኳትም። ዳልቻው ግቢ ውስጥ ቆሞ ያመሰኳል።

ሰርጉ ከላይ ሳይቀረጽ ተሰረገ። እኔም ሰርጉ እንዳለፈ እጄን ለማሰፋት ከልጄ ጋር ማኪና ላይ ወጣሁ። እስኪድን ነው፣ አልኳት። እሺ አለችኝ፤ አልተከራከረችኝም። እጄ ዳነ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ሲሉ ጋቢዬን አጣጥፌ ስነሣ ደግሞ ተዘጋ። በሬዎቼን ጎረቤቴ እያረሰባቸው ነው ይባላል። እኔ ጎንደር ከተማ፣ መስኮቱ የሰው ግድግዳ በሚያይ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ይኸን እጽፋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ፊደሌ ዝገት ስለያዘው አንዱን ገጽ ለመጻፍ ብዙ እቆያለሁ። የምቸኩልበትም የለኝ።

ድሮኑ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። አንድ ክንፉ ተሰብሯል፤ ቢጠገንም የሚያስነሣው የለም፤ አልጋው ሥር ሳጥኑ ውስጥ ነው። አፑ ግን ልጄ ስልክ ላይ አለ። ስትከፍተው የአገሬ ካርታ ይወጣል፤ ገደሉ ወገብ ላይ አንዲት ቀስት ትታያለች። ድሮኑ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ ናት። እዚያው ቆማለች። አንዳንድ ቀን፣ "እስቲ አሳዪኝ" እላታለሁ። አጠገቤ ቁጭ ብላ በጣቷ ታሰፋልኛለች፤ ቤቴ የት እንደሆነ፣ ጉብታው የት እንደሆነ እያመለከትኩ እነግራታለሁ።

በከፈተችው ቁጥር አፕዴት አድርጊኝ ይላታል። ባለፈው ጣቷን ልታሳርፍበት ስትል እጇን ያዝኳት።

"ብታድሺው ቀስቷ ትጠፋለች?"

"እንጃ አባዬ። ባለፈው ስንቱን ነው ያጠፋው።"

"እንግዲያ ተዪው" አልኳት። እሷም ተወችው።